ዓይኑን የሰበረበት ሳምንት

ነገሩ ከመለወጡ በፊት መነጽር ቤቱ እንዲህ ነበር። የወንዶቹ ፍሬም በግራ፣ የሴቶቹ በቀኝ፣ የሕፃናቱ ከባንኮኒው ጀርባ። የመደርደሪያዎቹ መስታወት በጠዋት በጋዜጣ ተፈትጎ የጣት አሻራ አይታይበትም። ሚሊ ዝቅ ባለችው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ደንበኛ "ግራ ዓይኔን ይዩ፤ አሁን ቀኙን" ትላለች፤ ትንሿን ማስመሪያ አፍንጫው ላይ አስደግፋም ከአንዱ የዓይን ብሌን እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ትለካለች። ይህን ሥራ ከያዘች ጀምሮ የስንት ሰው ዓይን ውስጥ እንደገባች ራሷም አታውቀውም። የሚያፍረውን፣ የሚዋሸውን፣ ሲያለቅስ ያደረውን፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ትለየዋለች።

ሚሊ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ያወጣላት የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ነበርና ራሱን እየፈለጠው መጣ።

"የአሮጌው መነጽርዎ መሃል ሁለት ሚሊ ስቷል" አለችው ለክታ ስትጨርስ።

"ይህ ሁሉ ራስ ምታት ለሁለት ሚሊ ነው?"

"በሁለት ሚሊ ሰው ደረጃ ይስታል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚሊ አላት፤ መነጽሩም በየሳምንቱ ብሎን ይላላበት ጀመር። የሱቁ ባለቤት ጋሼ ነገሩ ቶሎ ነው የገባቸው። "ይህ ሰው ብሎኑን እቤቱ እየፈታ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ኪሱን ብፈትሽ መፍቻ አላጣበትም" እያሉ ይስቁ ነበር።

አሁን ግን የሚያስቅ ነገር አልፎ ቁም ነገሩ ደርሶ ነበር። በሚመጣው እሁድ እናቱን ይዞ ሚሊን ካሳደገቻት አክስቷ ቤት ለጋብቻ ጥየቃ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል። እናቱ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። ባለ ፎቅ ቤታቸው መጽሐፍና ጸጥታ የሞላበት ነው። አክስቷ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ናት፤ የበሩ መቀርቀሪያ በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም። ዳኛዋ ቀጠሮውን አንዴ በጉንፋን፣ አንዴ በእንግዳ አሳበው አስተላልፈውት ነበር። ሦስተኛውን ግን እሺ ብለዋል። አክስቷ ግድግዳውን ኖራ ቀብታለች። ከጎረቤት ወንበር ተለምኗል። የጎደለ ነገር የለም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ሚሊ የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ስትቆልፍ ጣቷ ጉሮሮዋ ሥር አንድ ነገር ነካ። አተር የሚያህል ነው። ምራቋን ስትውጥ አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ።

ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወሰደ። "ከእንቅርት ዕጢሽ ላይ ነው ያለው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር ክፉ አይደለም" አላት። ሚሊ የሰማችው "አብዛኛው" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ጥጡን አንገቷ ላይ ይዛ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሆስፒታሉ እንዲህ ያለ ናሙና የሚያይበት ላቦራቶሪ አንድ ብቻ ነው። ናሙናው ስላይድ በሚሏት ስስ መስታወት ላይ ተቀብቶ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚያስገባው እሱ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ያየ እንደሆነ መስታወቱ ላይ በቀለም ጥቁር ነጥብ ያደርጋል፤ ሐኪሙም ነጥቡን ተከትሎ ያነባል። ይህን ሁሉ ራሱ ነው ሻይ እየቀዘቀዘበት ያጫወታት።

ማታውኑ ልትነግረው ነበር። አልነገረችውም። "ከእሁድ በፊት ምን ብዬ? እናቱ ቢሰሙስ?" አለች በልቧ። ደግሞም ስሟ መስታወቱ ላይ ተጽፏል፤ ሲያየው እየሮጠ ይመጣል፤ ያኔ እሱ ይጀምርልኛል ብላ ተማመነች።

በዚያ ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

*

የመጣው ሱቁ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሩን ከፍቶ ገባና መደርደሪያዎቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ጫማውን አየ።

"ደህና ዋልሽ?"

"ደህና። ዛሬም ብሎኑ ላላ?"

አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ ሰጣት። "አፍንጫዬን እየቆረጠኝ ነው" አለ። እሱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ዝቅ ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"ግራ ዓይኔን እይ።"

አላየም።

"ግራ ዓይኔን አልኩህ።"

"እያየሁ ነው።"

"የምታየው የሕፃናቱን ፍሬም ነው። ልጅ ሳትወልድ መነጽር ልትገዛለት ነው?"

በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህች ቃል ብቻ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ ነበር። አሁን ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። ወለሉን እያየ፣ "ሚሊ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አላት።

ሚሊ መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "አንተስ የምትነግረኝ ነገር አለህ?"

"እኔ?" ጉሮሮውን ጠረገ። "የለኝም።"

"ሥራ እንዴት ነው?"

"እንደ ወትሮው።"

"ስላይድ በዝቷል?"

ባንኮኒው ላይ የነበረው እጁ ደርቆ ቀረ። "ስለ ሥራ ባናወራ አይሻልም?"

ስለ ሥራው አታውራ ሲባል የሚከፋው ሰው ነው እንዲህ ያለው። ተነሣ፤ እሁድን ሳያነሣ፣ መነጽሩንም ባንኮኒው ላይ ረስቶ ወጣ። ሚሊ ተከትላው ሮጣ መንገዱ ዳር ደረሰችበት፤ ያለ መነጽሩ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል። አስቆመችውና እንደ ልጅ አገጩን ቀና አድርጋ መነጽሩን አደረገችለት።

እሷ ስታደርግለት እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

አይቶታል፤ ነጥቡን አስቀምጦበታል፤ አለች በልቧ። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ብቻዋን የቆመች መሰላት።

*

"ጌታዬ" ትላለች አክስቷ፣ ደጅ ላይ መወልወያ እየጨመቀች፣ "ይህን ባልዲ የሸጠልኝን ሰው ይቅር በለው። እኔ ገና አልቻልኩም። ታችኛው እያፈሰሰ ነው።"

አክስቷ ከእግዚአብሔር ጋር የምታወራው እንዲህ ነው፤ ማዶ ለተቀመጠ ሰው እንደሚወራ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። በዚህ የምታፍርበት ዕድሜ ነበራት ሚሊ። አሁን ግን ትቀናባታለች፤ ስለ እብጠቱም የነገረችው ለእሷ ብቻ ነው።

"አክስቴ፣ ጸሎት እምቢ አለኝ።"

"ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪው?"

"ክፉ እንዳይሆን ብዬ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ፣ ክፉ ቢሆንስ እላለሁ። እዚያው ላይ እቆማለሁ። በቀዶ ሕክምና ቢሆንስ፣ ድምፄ ቢዘጋስ፣ ብሞትስ፣ እሱ ቢያዝንስ፣ ባያዝንስ..."

"እሱማ ጸሎት አይደለም፤ ሒሳብ ነው" አለች አክስቷ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "ባሌ የሞተ ሰሞን አንቺ ገና ትንሽ ልጅ ነበርሽ። እኔም ነገን መለመን አቃተኝ። ነገ ሲባል አፌ ይደርቃል። ስለዚህ እጄ ላይ ያለውን ብቻ መለመን ጀመርኩ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ወለል ከኔ ጋር ወልውል፤ ይህችን ልጅ ከኔ ጋር ፀጉሯን አበጥር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።"

"እግዚአብሔር ወለል ይወለውላል?"

"እግር ያጠበ ጌታ ወለል ይንቃል?"

ሚሊ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። መንገድ ዳር የሆነውን፣ ዓይኑን እንዴት እንደጨፈነ ነገረቻት።

"ጠይቂው እንጂ።"

"ጠየቅሁት። የምነግርሽ የለም አለኝ።"

"ልጄ፣ ሰው ዓይኑን የሚሰብረው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው እንዴ? ዕዳ ያለበትም ይሰብራል፣ ያፈረም ይሰብራል፣ በጣም የወደደም ይሰብራል።"

"ዓይን ማየት ሥራዬ ነው፣ አክስቴ።"

"ነው። ግን የሰውን ዓይን ስትለኪ ማስመሪያ ይዘሽ ነው። ይህን የለካሽው ፈርተሽ ነው።"

ሚሊ ቃሉን ሰማችው፤ አላስገባችውም። ጣቷ ሳታዘው ወደ ጉሮሮዋ ሄዶ ያችን አተር ፈለገ፤ አገኛት። ፍርሃቱ እንደ አዲስ ጀመራት።

*

አርብ ከሰዓት በፊት የሱቁ በር ሲከፈት የገቡት ዳኛዋ ናቸው። ቀጥ ያለ አካሄድ፣ ግራጫ ካፖርት፣ አንገታቸው ድረስ የተቆለፈ። ጋሼ ተነሥተው "ክብርት ዳኛ" ብለው ወንበር ሳቡላቸው፤ ብልህ ሰው ናቸውና የሚሠሩት ያገኙ ይመስል ወደ ጓዳ ገቡ።

"የማንበቢያ መነጽር ነው" አሉ ዳኛዋ።

"እሺ እትዬ፤ ይቀመጡ።" ሚሊ ማስመሪያዋን አነሣች። "ግራ ዓይኔን ይዩ።"

እሳቸው አዩ። እንዴት ያለ አስተያየት! ሚሊ የለካችውን ቁጥር ረስታ ደግማ ለካች።

"ልጄ አምስት ቀን ሙሉ ምግብ አይበላም" አሉ ዳኛዋ ፊታቸውን ሳያንቀሳቅሱ። "ያነሣዋል፣ ያስቀምጠዋል። ብጠይቀው ምንም አይልም። ምን አድርገሽው ነው?"

ምንም ማለት ትችል ነበር። ግን ለነዚያ ዓይኖች መዋሸት አልቻለችም። "እትዬ፣ እኔ ታምሜያለሁ መሰለኝ" አለች። ስለ እብጠቱ፣ ስለ መርፌው፣ ውጤቱ ገና ስለ መሆኑ ነገረቻቸው። "እሱ ግን ሳያውቅ አይቀርም። ላቦራቶሪው የእሱ ነው።"

ዳኛዋ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ከዚያ በአዲስ ድምፅ፣ የዳኛ ባልሆነ ድምፅ፣ "ዘጠኝ ዓመት ባሌን አስታምሜያለሁ" አሉ። "ከችሎት ወጥቼ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ችሎት። ይህ ልጅ ያደገው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ የቤት ሥራውን እየሠራ ነው። ላቦራቶሪ የገባውም ለዚያ ይመስለኛል። የአባቱን ነገር ለመያዝ። ስለ ቤታችሁና ስለ አክስትሽ ሥራ ሰው ብዙ ይል ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽሽም። እሱ ግን አሁን ምንም አይደለም። ይህን ኑሮ ለልጄ አልመኝለትም። አንቺስ ትመኚለታለሽ?"

ጥያቄው ቢላ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻላት ነበር። ያዘነ ጥያቄ ነው።

"አልመኝለትም፣ እትዬ" አለች ሚሊ።

ዳኛዋ ሲወጡ ትከሻዋን ዳበስ አድርገዋት ነበር። ያ ዳበሳ ከንቀት ይልቅ ጎዳት። ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈች፤ "እሁድ አትምጡ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እባክህ አትጠይቀኝ።" አጣጥፋ በመነጽር መያዣ ከታ፣ እንዲያደርስለት ለሆስፒታሉ ጥበቃ ሰጠች። ወደ ሱቁ ስትመለስ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር። የተሰማት ግን የራሷን ቤት በር ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን የጣለች ሰው ስሜት ነው።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው። ለእሁድ አገልግሎት ወንበሮቹ ይወለወላሉ። ሚሊ እቤት መቀመጥ አቅቷት አክስቷን ልትረዳ መጣች። አክስቷ ከወደ ፊት፣ እሷ ከወደ በሩ፣ እየተጠጋጉ ያጸዳሉ። በከፍተኛዎቹ መስኮቶች የገባው ብርሃን እርጥቡ እንጨት ላይ ተኝቷል። ሳሙና ይሸታል።

የመጀመሪያውን ወንበር ስትወለውል ሒሳቡ እንደ ልማዱ ጀመረ፤ ክፉ ቢሆንስ፣ ክፉ ባይሆንስ። አሁን እኮ ባይሆንም ምን ዋጋ አለው፤ እሱን አሰናብቻለሁ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ደከማት። ሦስተኛው ላይ፣ ማንም አይሰማኝም ብላ ዙሪያዋን አየችና በቀስታ፣ እያፈረች፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ወንበር ከኔ ጋር ወልውል" አለች።

ምንም አልሆነም። ጨርቁን ነከረች፣ ጨመቀች፣ ወለወለች። ግን ወንበሩ ሲያልቅ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ከዳር እስከ ዳር ስትወለውል ክፉ ቢሆንስ አላለችም። ቀጣዩን ጀመረች። "ይህንም።" እንባዋ እንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ እሱንም አብራ ትወለውለዋለች። ፍርሃቱ አልሄደም። እዚያው ደረቷ ውስጥ ነው። ነገር ግን እስከ አሁን ብቻዋን ከሱ ጋር ነበረች፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ገብቶ አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስላል። ለማስረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው፤ እሷም ለማስረዳት አልሞከረችም። ጨርቋን ይዛ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

በሩ ተከፈተ።

"ጫማህን!" ብላ ጮኸች አክስቷ ከወዲያ ማዶ። "ወለሉ እርጥብ ነው! ዳኛ ብትወልድህም ጫማህን!"

የላቦራቶሪው ሰው ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆመ። የአንዱ ካልሲ አውራ ጣት ተቀዷል። ሲሮጥ ነው የመጣው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ወረቀቷ እጁ ላይ ነው።

"አትጠይቀኝ ብያለሁ" አለች ሚሊ ቀና ሳትል።

"አልጠይቅሽም። ልነግርሽ ነው የመጣሁት።" መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። "አላየሁትም፣ ሚሊ።"

ጨርቁ እጇ ላይ ቆመ።

"ስላይድሽን አላየሁትም። ስምሽን ያነበብሁት ትሪው ላይ ነው። የማይክሮስኮፑን መብራት እንኳ አላበራሁም። የሚያውቀው ሰው ናሙና የመጣበት ባለሙያ ለሌላ ማስረከብ አለበት፤ ደንባችን ነው። ይዤው ሄጄ ለፈጣኑ ሰጠሁት።"

ፈጣኑ የሚሉት የሥራ ባልደረባው ነው። ስሙ የወጣለት ቀርፋፋ ስለሆነ ነው፤ አንድ መስታወት ላይ ሌላው ሰው አምስት የሚያይበትን ጊዜ ይፈጃል።

"ታዲያ ለምን ዓይንህን ሸሸኸኝ? ለምን የምነግርሽ የለም አልከኝ?"

"ምን ልበልሽ? መመርመርሽን ያወቅሁት በሥራዬ ነው። በሥራዬ ያወቅሁትን ታማሚው ራሱ ካልነገረኝ ለማንም አልናገርም። ለእናቴም፣ ለሐኪም ጓደኛዬም፣ ለራሱ ለታማሚውም። እኛንና ታማሚውን የሚያያይዘው ይህ ምስጢር ነው፤ እሱ ከተፈታ ሰው ሆስፒታል አይመጣም። ስለዚህ አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። በየቀኑ ዛሬ ትነግረኛለች እያልሁ። አንቺ ግን ዝም አልሽኝ! ለኔ መንገር አልፈለገችም፣ አላመነችኝም ብዬ..."

"እኔ እኮ አንተ እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁት!"

 ከወዲያ ማዶ የአክስቷ ጨርቅ ጭራሽ አይሰማም።

"አክስቴ፣ እየሰማሽ ነው?" አለች ሚሊ።

"እየጸለይኩ ነው" አለች አክስቷ። "ቀጥሉ።"

ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎም ጠፋ። "ዓይንህን ግን" አለች ሚሊ፣ "ዓይንህን ጨፈንክብኝ።"

"ሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ታያለሽ፤ አውቅሻለሁ። እኔ ዓይን ውስጥ የነበረው ፍርሃት ነው። አንቺ ፍርሃቴን ብታዪው ውጤት ይመስልሻል ብዬ ሰጋሁ።"

"ባላየውም መሰለኝ።"

"አሁን ገባኝ።" ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። "ትናንት ምሽት ላይ እናቴ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ከአንቺ የሰማችውን። ልታስጠነቅቀኝ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ጉንጯን ልስም ምንም አልቀረኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ውጪ ሰማሁት፤ አሁን መናገር እችላለሁ። አዳሬን እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው።"

ሚሊ ተነሣች። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች። "ግራ ዓይኔን እይ" አለችው።

አያት። በዚህ ሁሉ ቀን ያልሰጣትን አስተያየት በአንድ ጊዜ ሰጣት። ሚሊ እንደ ሥራዋ፣ ሳትቸኩል መረመረችው። ፍርሃት ነበረበት። እንቅልፍ ማጣት ነበረበት። ናፍቆት ነበረበት። ዕውቀት ግን አልነበረበትም። የሚያውቀው ምንም ነገር የለም። እንደ እሷው፣ ነገን የማያይ ሰው ነው።

"እኔ ያላየሁትን አላምንም የምል ሰው ነኝ፣ ታውቂኛለሽ" አለ። "አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በር ድረስ ሸኝቼሽ የምመለሰው ለዚያ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ፈጣኑ ክፍል በር ላይ ባለፍሁ ቁጥር አንድ ነገር እላለሁ። እኔ ማየት አልችልም፤ አንተ ግን ታያታለህ፤ ያዛት፤ እላለሁ። ለማን እንደምል አልጠየቅሁም። ግን አልፌ መሄድ የቻልሁት እያልሁ ነው።"

ሚሊ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስተካከለችለት። 

"ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል" አለ። "እኔ ግን መልስሽን ዛሬ እፈልጋለሁ። ከሰኞ በኋላ እሺ ብትዪኝ እሺ ያልሽው ለውጤቱ ነው። እምቢ ብትዪኝም እምቢ ያልሽው ለውጤቱ ነው። እኔ ደግሞ የጠየቅሁት አንቺን ነው።"

"ክፉ ቢሆንስ? እናትህ ዘጠኝ ዓመት..."

"ክፉ ቢሆን አስታምምሻለሁ። ስፈራ እያየሽኝ። ከእንግዲህ ዓይኔን አልደብቅሽም።"

እሺ ማለት ማለት ፍርሃቷን ለሌላ ሰው ማሸከም መሰላት። እምቢ ማለት ደግሞ የጌታን እጅ ይዛ የሰውን እጅ መግፋት። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ይህችን ቃል ከኔ ጋር ተናገራት። አፏን ስትከፍት ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ነው የወጣው፤ ግን ወጣ።

"ነገ ኑ" አለችው። "መቀርቀሪያው በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም፤ እናትህን አስቀድመህ አስጠንቅቃቸው።"

ከወዲያ ማዶ አክስቷ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ "ጌታዬ፣ ካልሲም ያስፈልገዋል" አለች። ሚሊ ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊት አታውቅም፤ ፍርሃቱ ሳይቀንስ ሸክሙ ብቻ የቀለለበት ልቅሶ ነው።

*

እሁድ ዳኛዋ መጡ። ልጃቸውን ወደ ኋላ ትተው ቀድመው ገቡ። ጎንበስ ብለው፣ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ በትከሻቸው ነክተው ካፖርታቸው ነጣ።

"እኔ አንድ ጊዜ ከፈረድሁ የምመልስ ሰው አልነበርሁም" አሉ ለአክስቷ።

"ታዲያ ምን ገጠመዎት?"

"ልጄ ይግባኝ አለብኝ።" ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ወደ ሚሊ ዞሩ። "አርብ ማታ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የአባቴ ሕመም እንደሚመጣ ቀድመሽ ብታውቂ ኖሮ፣ ባታገቢው ትመርጪ ነበር ወይ አለኝ። ዳኛ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። አድሬበት ጠዋት መለስሁለት። ባውቅም አገባው ነበር አልሁት።" ድምፃቸው ተሰበረ። ሚሊ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ምን እንደምታደርግ ሳታስብ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ እሳቸውም ራሷን ዳበሱ። የአርቡ ዳበሳ አልነበረም።

አክስቷ ጸለየች። አጭር ነበር። ሰኞን አላነሣችም፤ ለተለመኑት ወንበሮች፣ ለመጡት እግሮች፣ ለዚህ ከሰዓት በኋላ ብቻ አመሰገነች።

ሰኞ ውጤቱ መጣ። ፈጣኑ ጥቁር ነጥብ አድርጎበት ነበር። ካንሰር ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት፣ ከዕጢው ያልወጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያነብ ሚሊ የእጮኛዋን እጅ ይዛ ነበር። ዕጢው በወሩ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ለጥቂት ሳምንታት ድምፅዋ ሻካራ ሆኖ ጋሼ "ደንበኞቼን እያስደነገጥሽ ነው" ይሏት ነበር፤ ከዚያ ተመለሰ። በዓመቱ ተጋቡ። ክትትሉ አሁንም በየስድስት ወሩ ነው፤ ቀጠሮው ሲቃረብ ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ፤ አይደባበቁም።

ዕጢውን የምትተካ አንዲት ነጭ ክኒን በየጠዋቱ፣ በባዶ ሆዷ፣ ዕድሜ ልኳን ትውጣለች። ከዋጠች በኋላ ቁርስ ለመብላት ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለባት፤ እሱም ሳይበላ አብሯት ይቀመጣል። ጸሎታቸው አምስት ደቂቃ አይሞላም። የቀረውን ሃያ አምስት ደቂቃ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ።